ለወፎች የተተወው እርከን

ይድረስ ለልጄ ለኪዮሃሩ፤ እንደምን ከርመሃል? የኦሳካ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን፤ ባሕሩም ጸጥ ብሏል።

መንደሪኑ ዘንድሮ ማር ነው። የላክሁልህን ሳጥን ብቻህን እንዳትጨርሰው፣ ለጎረቤት አቅምስ።

አባትህ ለወፎች ቸር ሆኗል። ዛፉ ለከርሞም እንዲያፈራ በየአናቱ አንዲት ፍሬ ለወፍ እንደምንተው ታውቃለህ። «ወፍ ከአንድ በላይ ካማራት ራሷ ትትከል!» እያለ ይቆጣ የነበረው ሰውዬ፣ ዘንድሮ የላይኛውን እርከን እንዳለ ተወላቸው። ጎረቤታችን ሺጌኖ ከታች ሆና፣ «ጋሼ ቶኩዞ፣ ለወፎቹ ሰርግ ደገሱላቸው እንዴ?» ብላ ሳቀችበት። እሱ ወደ ላይኛው እርከን በሚያወጣው ደረጃ አጋማሽ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ጉልበቱን እያሻሸ፣ «ዘንድሮ በዝተዋል፤ ይብሉ» አላት።

ወፎቹ ግን ያን ሁሉ የት ይችሉታል! ከደጃችን ሲታይ የኮረብታው አናት ዛሬም የበሰለ ፍሬ እንደ ሞላው ነው። አባትህ ሻይ ሲጠጣ ፊቱን ወደዚያ አዙሮ ነበር የሚቀመጠው፤ አሁን ወደ ባሕሩ ዞሯል።

ለአዲስ ዓመት ስትመጣ የሥራ ጫማህን ያዝ። ስለ ወፎቹ ግን አትጠይቀው።

በደህና ያገናኘን።
እናትህ ፉሚኤ