ስለ ጀልባዬ ፕሮፔለር፣ ስለ ውብ ፊደሎችዎና ስለ መጪው ሙሉ ጨረቃ

ለክቡር የፓንጋሊ ወደብ አስተዳዳሪ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ደሴታችንን በጎበኙ ጊዜ ማዕበሉ ሆድዎን እንዳገላበጠው ሰምተን መላው የባራሎምፓ ሕዝብ አዝኖ ነበርና፣ አሁን በማይናወጥ ወንበር ላይ በሙሉ ጤና እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሲላ እባላለሁ፤ በደሴታችን የአክብሮት አጠራር ዳዔንግ ሲላ፤ በደሴቷና በእርስዎ ወደብ መካከል በሽተኛ፣ በረዶና ደብዳቤ የምታመላልሰው የአረንጓዴዋ ጀልባ ባለቤት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው።

፩ኛ፤ ስለ ፊደሎቹ አመሰግናለሁ። በደሴታችን ጀልባ የሚወጣበት አሸዋማ ዳርቻ አንድ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ስል ድንጋይ ነው። ከአባቶቻችን ጀምሮ ሙሉ ጨረቃ ሆኖ ባሕሩ ርቆ ሲሸሽ ጀልባችንን እዚያ እናስተኛለን። በመጀመሪያ የባለ ጀልባው ሚስት ወይም ልጅ፣ እምብርት በምንለው የጀልባዋ ሆድ ላይ ንጹሕ ውኃ ታፈሳለች፤ እሷ ሳታፈስ መፋቂያ የሚያነሳ ሰው የለም። ከዚያ ጀልባዋን እየተሽከረከረ በሚገፋው ባለ ክንፍ ብረት፣ በፕሮፔለሩና በዘንጉ ላይ በቅሎ የተጋገረውን፣ ጉዞ የሚያዘገየውን ዛጎል ፍቀን፣ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያንጸባርቅ ወልውለን፣ በርበሬ የተለወሰበት ግራሶ እንቀባዋለን፤ ዛጎል በርበሬ አይወድም። ክቡርነትዎ ግን ያ ስፍራ ለእንዲህ ያለ ተራ ጉዳይ እንደማይገባ ተገንዝበው፣ የደሴታችንን ስም በሰው ቁመት በተሠሩ ቀያይ ፊደላት አቆሙበት፤ የት እንደምንኖር ሳናውቅ ዕድሜያችንን የፈጀን ሰዎች እፎይ አልን። ጀልባዬን ላወጣ ስሞክር የቀጠሩት ዘበኛ ሻምሲር፣ የገዛ የአክስቴ ልጅ፣ «ዳዔንግ፣ በፈጠረህ አታስቀጣኝ፤ ጀልባህ ፊደሎቹን ትጋርዳለች፣ ፎቶ የሚነሳ ሰው ቢመጣስ?» ብሎ መለሰኝ። እስካሁን ፎቶ ሊነሳ የመጣው ሻምሲር ራሱ ነው።

፪ኛ፤ አቤቱታችንን ሰምተው ስለላኩልን ቀለምም አመሰግናለሁ። ዛጎል የሚከለክል ምርጥ ቀለም እንደሆነ ጣሳው ላይ ተጽፏል፤ ከሥሩም በንጹሕና በደረቅ ብረት ላይ ብቻ እንዲቀባ ያዝዛል። አጎቴ ዳዔንግ ኖምፖ መነጽሩን አድርጎ ይህን ካነበበ በኋላ፣ «እንግዲህ ጀልባዋን ማውጣት ከተከለከለ ባሕሩን አውጥተን እናስጣዋ! ገመድ ያለው ማነው?» አለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለካ ስለዚህ ጣሳ ነው። ጣሳዎቹ አሁን የኖምፖን ቤት በር ነፋስ እንዳይዘጋው ደግፈው ይዘዋል፤ ስለዚህ ከንቱ አልቀሩም።

፫ኛ፤ «ለምን ውኃ ውስጥ ጠልቃችሁ አትፍቁም?» ብለው በጸሐፊዎ በኩል ስለሰጡን ምክርም ባለውለታዎ ነን። ኖምፖ በዚህ የምዕራብ ነፋስ፣ እጅ በማያሳየው ድፍርስ ውኃ ውስጥ ጠለቀ። ከፕሮፔለሩ ሦስት ክንፎች አንዱን እንደጨረሰ ማዕበል ጀልባዋን አንስቶ ትከሻው ላይ ጣላት። ትከሻው እስከ ዛሬ ከፍ አይልለትም። ፕሮፔለሩም አንዱ ክንፍ ንጹሕ፣ ሁለቱ በዛጎል የከበዱ ሆነውበት፣ ዘንጉ አንድ እግሩን ብቻ ጫማ እንዳደረገ ሰው ያነክሳል። በርበሬ የተለወሰውን ግራሶ ልንቀባው ብንሞክርም ባሕሩ አጠበው፤ የተቃጠለው የኖምፖ ዓይን ብቻ ነው።

ቀጣዩን ቁጥር መስጠት አልሆነልኝም። ልጄ ኑርሊያ ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯም ገብቷል። አዋላጃችን ሐስሪያኒ ሆዷን ዳብሳ ወደ ውጭ ጠራችኝና፣ «አባባ፣ ልጁ አግድም ነው የተኛው። ምጥ ከጀመራት እኔ እዚህ እጄን አጣጥፌ ከማየት በቀር ምንም አላደርግላትም፤ ሐኪሙ ፓንጋሊ ነው፣ ቶሎ ማድረስ ያንተ ፋንታ ነው» አለችኝ። ቶሎ! ፕሮፔለሬ ንጹሕ በነበረበት ዘመን ከንጋት ሶላት በኋላ ተነስቼ ገበያችሁ ሳይከፈት እደርስ ነበር፤ ዛሬ ሞተሩ እያጓራ ፀሐይ አናቴ ላይ ትወጣለች፣ ወደቡ ግን ገና ከሩቅ የሚታይ ጭረት ነው። የጎረቤቶቼ ጀልባዎችም ከእኔዋ አይሻሉም። ኑርሊያ ይህን ስታውቅ፣ «አባዬ፣ ያንተ ጀልባ ላይ ከምሳፈር እየዋኘሁ ብሄድ አይሻልም? ቢያንስ እኔ ላይ ዛጎል አልበቀለም» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ከዚያ ወደ ጀልባዬ ሄጄ አለቀስኩ። እናቷ እሷን ስትወልድ ነው የሞተችብኝ።

ስለዚህ የምለምንዎ አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ በመጪው ሙሉ ጨረቃ፣ ባሕሩ ሸሽቶ እስኪመለስ ድረስ ብቻ፣ ጀልባዬ ፊደሎችዎን ትጋርድ። ኑርሊያ በእጇ ውኃውን ታፍስስ፣ እኛም እንፍቅ። እንደማይፈቅዱ አውቃለሁ፤ ከዚህ በፊት የጻፍኩልዎ ሁሉ ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆኖ ቀርቷል። ዝም ብዬ እንዳልተቀመጥኩ ልጄ እንድታውቅ ስል ግን ጻፍኩ።

ረጅም ዕድሜ፣ የማያናውጥ ወንበርና ከዚህም የሚበልጡ ፊደላት የሚያቆሙበት ሰፊ ዳርቻ እየተመኘሁልዎ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤

ታዛዥዎ ዳዔንግ ሲላ፣ ከባራሎምፓ

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ የሚመጣልዎ በዚያችው በእኔ ጀልባ ነው፤ እሷም አሁን ማዕበል መግፋት ስላቃታት የምትነሳው ነፋሱ ሲተኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ሙሉ ጨረቃው ካለፈ በኋላ ከደረሰዎ ፈቃድ በመጻፍ አይድከሙ። ከዚያ በኋላ ለምናመጣት ሰው፣ ወደቡ ላይ ገመዳችንን የሚቀበል አንድ ሰው ብቻ ያስቁሙልን። አይቸኩል፣ ቀስ ብሎ ይምጣ፤ እኛም ቀስ ብለን ነው የምንመጣው።