ሌራ የሞተበት ገጽ

ወላይታ ሶዶ
ሰኔ ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለማርያማዊት ገብረአማኑኤል
ድሬዳዋ

የተወደድሽ ልጄ ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ የድሬዳዋ ሙቀት ጥቂት ረግቦልሽ፣ አንቺም በጤና ሆነሽ እንዲያገኝሽ እመኛለሁ። እኛ ዘንድ ክረምቱ ገብቷል። የዳሞታ ተራራ ከጧት ጀምሮ ጉም ለብሶ ይውላል፤ ጓሮ ያለው እንሰትም በዝናቡ ታጥቦ አረንጓዴው ያንጸባርቃል። የቀኝ ዓይኔ ሞራ ከተገፈፈ ወዲህ ቅጠሉን ከቅጠል ለይቼ አያለሁ። የግራውን ከመስቀል በኋላ እንሠራዋለን ብለውኛል። ይህን የምጽፈው በራሴ እጅና በራሴ ዓይን ነው፤ መስመሩ ተጣምሞ ካገኘሽው ጥፋቱ የእጄ እንጂ የዓይኔ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት የላክሽው አጭር መልእክት ደርሶኛል። የጻፍሽውን ልብ ወለድ አሳታሚው እንደ መለሰልሽ፣ የቤተ መጻሕፍቱን ሥራ ትተሽ ከሐምሌ ጀምሮ በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል እንደምትገቢ፣ «እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ከእንግዲህ አልጽፍም» ብለሽ እንደ ቈረጥሽ ተረድቻለሁ። ከዚህ ቤት የወጣሽበትን ቀን አልረሳሁም። አንቺ «መጻፍ እችላለሁ» ስትዪኝ፣ እኔ «ምን ጽፈሽ አየሁ?» ብዬሽ ነበር። ስለዚህ መልእክትሽ ደስ ሊያሰኘኝ ይገባ ነበር። ለምን ደስ እንዳላሰኘኝ ለማስረዳት ግን አስቀድሜ ግራ ያጋባኝን አንድ ነገር መጠየቅ አለብኝ። በስልክ ቢሆን ሁለታችንም ቶሎ እንቆጣለን፤ ነገሩም ቅደም ተከተሉን ካልጠበቀ የሽማግሌ ቅዠት ይመስላል።

ጉዳዩ «የሰባቱ ወንዞች ዜና» ነው። ሰባተኛውና የመጨረሻው መጽሐፍ የወጣው አንቺ ከሄድሽ በኋላ ስለ ነበረ የሚያነብልኝ አልነበረም። መናኸሪያው አጠገብ መጽሐፍ የሚሸጠው ቶማ አንድ ቅጂ አስቀምጦልኝ ስለ ነበር፣ ዓይኔ እንደ ተገለጠ የመጀመሪያ ንባቤ እርሱ ሆነ። ከዳዊት አስቀድሜ እርሱን ማንበቤን ለነፍስ አባቴ አልነገርሁም።

ልጄ፣ አልገባኝም። ታሊ የደረቀውን ሰባተኛ ወንዝ ለመመለስ ከአገሯ ስትወጣ ገና ልጃገረድ ነበረች። ይህን ሁሉ ዓመት አብረናት ተጕዘናል፤ በረሓውን አቋርጠናል፤ ከተራራው ሥር የተኛውን ግዙፍ ላለመቀስቀስ ትንፋሻችንን ውጠናል። በመጨረሻ ምንጩ ዘንድ ደርሳ ውኃው ሲፈልቅ፣ ዙፋኑን ማን ወረሰው? በዚሁ በሰባተኛው መጽሐፍ የተዋወቅነው አንድ የጨርቅ ነጋዴ። ከየት መጣ? ማን አሳደገው? ስለምን ነገሠ? አንድም መልስ የለም። ታሊስ? አገሯ ደጃፍ ትደርሳለች። መጽሐፉ ቃል በቃል እንዲህ ብሎ ያልቃል፦ «ታሊ ድልድዩ ጋር ቆመች። በሩን የሚከፍትላት አልነበረም። ተመልሳ ሄደች።»

እንዴት የሚከፍትላት አይኖርም? ሌራስ? የድልድዩ ጠባቂ ሌራ፣ እርሷ እስክትመለስ ፋኖሱን ላያጠፋ ቃል የገባላት ሽማግሌ የት ሄዶ ነው? ሰባተኛውን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አገላበጥሁት፤ ስሙ እንኳ አልተነሣም።

በቋንቋውም ቢሆን እንዲሁ ተደናግሬአለሁ። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ዓይኔ ሳይደክም በቀይ ብዕር እያረምሁ እንዳነበብሁት ታስታውሻለሽ። ከሁለተኛው ጀምሮ አንቺ ስታነብቢልኝ ግን የደራሲው አጻጻፍ በድንገት ቀና፤ ብዕሬን አስቀመጥሁ። ሰውየው ምክር ሰምቷል፣ ተምሯል ብዬ አመሰገንሁት። በሰባተኛው ያ ሁሉ ትምህርት ጠፍቶ የጥንቱ ዝርክርክነት ተመልሷል። ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ዐውቆ በሰባተኛው የሚረሳ ሰው በመምህርነት ዘመኔ አላጋጠመኝም።

ቅሬታዬን ይዤ ወደ ቶማ ሄድሁ። እዚያ የቆሙት አንባቢዎች ሁሉ አኵርፈዋል። ማቲ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ለዚህ ነጋዴ ብዬ አይደለም ከበዴሳ ድረስ በሞተር እየተመላለስሁ መጽሐፉን ስጠብቅ የኖርሁት እያለ ያማርራል። እኔም በመካከላቸው ገብቼ፣ ከነጋዴው ንግሥና ይልቅ የሌራ መዘንጋት የከፋ ስሕተት መሆኑን አስረዳሁ። ሌራ ባለበት ታሊ ከድልድዩ ልትመለስ አትችልም አልሁ። ቶማ መነጽሩን አውልቆ ተመለከተኝ።

«መምህር፣ ዓይንዎ ሲገለጥ መጽሐፉ ተከደነብዎት እንዴ?» አለኝ።

ምን ማለትህ ነው ስለው፣ ማቲ ቀበል አድርጎ «ጋሼ፣ ሌራማ በሦስተኛው መጽሐፍ ሞቷል። ጎርፉ ወሰደው እኮ» አለ።

አልሞተም አልሁ። በአራተኛው ያደረገውን፣ በአምስተኛው የተናገረውን ጠቀስሁላቸው። «እኔ የምጠብቀው ድልድዩን አይደለም፤ ተመላሹን ነው» ያለውን ነገርኋቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዲት ልጅ ይህ ነገር የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ጠየቀችኝ፤ ልትጽፈው ፈልጋ ነበር። ማቲ ግን ሣቁን መያዝ አቅቶት እንዲህ አለኝ፦

«ኧረ ጋሼ፣ ለሌራ ለቅሶ ተቀምጠዋል እኮ። ያውም ንግግር አድርገው።»

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይለኛል። እናትሽን ቀብረን አርባዋን ባወጣን ሰሞን፣ ከቶማ ሱቅ ጎን ካለው ዛፍ ሥር ድንኳን ተጥሎ ወጣቶች አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠው ነበር። ዓይኔ ከጥላ በቀር አይለይም። የለቅሶ ድንኳን አልፎ የሚሄድ ሽማግሌ ደግሞ ሽማግሌ አይባልም፤ ገብቼ ተቀመጥሁ። ሟቹ ማን እንደ ሆነ ብጠይቅ አቶ ሌራ ናቸው አሉኝ። ልጅ ስላልነበራቸው እኛ ተቀመጥንላቸው አሉኝ። በመጽሐፋችን ካለው ሌራ ጋር ሞክሼ መሆናቸው ገርሞኝ ነበር፤ ስም ግን የጋራ ነው ብዬ አለፍሁት። ልጅ ለሌለው ሰው በለቅሶው ላይ የሚናገርለት ሊጠፋ አይገባም ብዬ ተነሥቼ፣ ልጅ ሳይወልድ ይህን ያህል ልጅ የተቀመጠለት ሰው ወልዷል ማለት ነው አልሁ። አንዳንዶቹ ሲያለቅሱ ሰማሁ። ለካ ሦስተኛውን መጽሐፍ ጨርሰው፣ ለቀልድ ድንኳን ጥለው ኖሯል። ቶማ እንደ ነገረኝ፣ ከንግግሬ በኋላ ቀልዱ እውነተኛ ለቅሶ ስለ ሆነባቸው እውነቱን ሊነግረኝ የደፈረ አልነበረም።

እኔ ግን ያን ዕለት ወደ ቤት የገባሁት ልቤ ተሰብሮ ነበር። አንቺ በረንዳ ላይ የጀመርሽልኝን ሦስተኛውን መጽሐፍ ታቅፈሽ ተቀምጠሽ ነበር። ሌራ ለሚባል ሰው አልቅሼ መጣሁ አልሁሽ። ቀጥዬም «ከእንግዲህ በዚህ ቤት የሞት ወሬ እንዲነገር አልፈቅድም» አልሁሽ። «እሺ አባባ» አልሽኝ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ያነበብሽልኝ የጎርፉን ምዕራፍ ነበር። ውኃው ድልድዩን ሲመታ፣ ሌራ ፋኖሱን ከፍ አድርጎ ሲይዝ፣ ድምፅሽ ተቋረጠ። ውኃ አምጥተሽ ጠጣሽ። ከዚያም ቀጠልሽ፦ «ጎርፉ ሌራን ወሰደው፤ ነገር ግን የወሰደውን ሁሉ የማያስቀር ጎርፍ ነበርና፣ ሲነጋ ከዋርካው ሥር ፋኖሱን ታቅፎ ተገኘ።» በቃሌ የያዝሁት በምክንያት ነው። በእጄ አስቁሜሽ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ልብ በዪ፣ አንድ ቃል አይወጣለትም፣ አንድ ቃል አይገባለትም፣ መጻፍ ማለት እንዲህ ነው ያልሁሽ በዚያች ሰዓት ነበር። አንቺ ለምን መልስ እንዳልሰጠሽኝ ያን ጊዜ አልጠየቅሁም።

ከቶማ ሱቅ ተመልሼ መጻሕፍቱን ትተሻቸው ከሄድሽበት መደርደሪያ ሦስተኛውን አወረድሁ። የጎርፉን ምዕራፍ አገኘሁ። ሌራ ይሞታል። ሬሳውን እንኳ አያገኙትም። ያ ዓረፍተ ነገር የለም። ቅጠል ተገንጥሎ እንደ ሆነ ብዬ የገጾቹን ቍጥር አንድ በአንድ ተከተልሁ፤ አልተገነጠለም። ሁለት ዓይነት እትም ይኖር እንደ ሆነ ብዬ በማግሥቱ ከቶማ ቅጂ ጋር አስተያየሁት፤ ያው ነው። አራተኛውን፣ አምስተኛውን፣ ስድስተኛውን አነበብሁ። ዋርካው የለም። ፋኖሱ የለም።

ሌላም አለ። በአራተኛው መጽሐፍ የሌራ ሚስት ዳጣ፣ የቃሪያውን ማባያ፣ ስትፈጭ ዝንጅብሉን መጨረሻ ላይ ትጨምር ነበር፤ አስቀድሞ ከገባ መዓዛው ይሞታል ትል ነበር። ይህን የሚያደርግ ሰው በዘመኔ ያየሁት እናትሽን ዓመለወርቅን ብቻ ነው። የአገሯ የጉኑኖ ሴቶች ሁሉ ሲከራከሯት ኖረዋል። ደራሲው ደግሞ ወላይታን ረግጦ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ነው ይላሉ። የእናትሽን የዳጣ አፈጫጨት ከማን ሰማ? አሁን ብፈልገው ያም ገጽ የለም። እርሷ ካረፈች በኋላ ያን ምዕራፍ ሳምንት ሙሉ ደግመሽ እንድታነብቢልኝ ስጠይቅሽ፣ አንድም ቀን አንድ ቃል ሳታዛንፊ ደግመሽልኛል። የሌለ ገጽ እንዴት እንዲያ ይደገማል?

የሰባ አራት ዓመት ሰው ነኝ። አእምሮዬ ደክሞ ይሆናል ብዬ ራሴን ፈተንሁ፤ ግእዙን ከነእርባታው በቃሌ ወጣሁት፣ ያስተማርኋቸውን ልጆች ስም በየክፍሉ ጠራሁ። አልደከመም። እንግዲህ የሰማሁትን ሰምቻለሁ። የሰማሁት ደግሞ በዚህ አገር በታተመ በማንኛውም ቅጂ ውስጥ አይገኝም። ከዚህ ወዲያ ያለውን መንገድ አሰብሁበት፤ ጥቂት ርቀት ሄጄ ቆምሁ። የቀረውን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ቶማ ዛሬ ጧት በደጄ ሲያልፍ፣ ያቺ ልጅ የሌራን ቃል የት እንደምታገኝ አሁንም እየጠየቀች መሆኑን ነገረኝ። ቅጂው ድሬዳዋ ነው ብዬ መለስሁለት።

አሁን ወደ መልእክትሽ እመለሳለሁ። የሒሳብ ሥራ የተከበረ ሥራ ነው፤ ለእንጀራሽ ብትገቢበት አልቃወምም። «ከእንግዲህ አልጽፍም» ስላልሽው ግን፣ አንድ ነገር እንድታደርጊልኝ አባትነቴን ይዤ እጠይቅሻለሁ። ሰባተኛውን መጽሐፍ አንብቢልኝ። እዚህ የሚሸጠውን ማለቴ አይደለም፤ እርሱ የተበላሸ ነው። ከስድስቱ ጋር የሚሄደውን ማለቴ ነው። በወረቀት ላይ አድርገሽ ብትልኪልኝ ዓይኔ ደርሶልኛል። ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ መጥተሽ በረንዳው ላይ በድምፅሽ ብታነብቢልኝ ግን የበለጠ እወዳለሁ። በጊፋታ የተራራቀ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል፤ የተኳረፈም ታርቆ በአንድ ገበታ ይቀርባል። ይህን ላንቺ ማስተማር አያስፈልገኝም። ቀይ ብዕሬን አላነሣም።

በወጣሽበት ቀን የጠየቅሁሽን ጥያቄ አንሥቼዋለሁ። ያልተጠየቀ ይሁን።

የእናትሽ አምላክ በወጣሽበት ይከተልሽ፣ በገባሽበት ይቀበልሽ። እጅሽን አያድክምብሽ። የምሽት ብርድ ባይኖርም ኩላሊትሽን ጠብቂ፤ ውኃ መጠጣት ትረሻለሽ።

ታሊ ድልድዩ ጋር ስትደርስ የሚከፍትላት ሰው አለ። ሽማግሌ ነው፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚያየው። ፋኖሱ ግን አልጠፋም።

ግራ የተጋባው አባትሽ፣
ገብረአማኑኤል