የመርሳ ቋጠሮ ባሌ ተራራ ላይ

ዲንሾ፣ ጥር 1999 ዓ.ም.

ፋንትሽ፣ እንዴት ከረምሽ? አንቺ ይህን ካርድ መርሳ ከተማ ሙቀት ውስጥ ላብሽን እየጠረግሽ ታነቢዋለሽ፤ እኔ ባሌ ተራራ ላይ ጓንት አድርጌ እጽፍልሻለሁ።

ትናንት ከተጓዥ ቡድናችን ጋር የባሌ ተራሮች ፓርክን በእግር ስንወጣ ውለን ጥድ ሥር ድንኳኖቻችንን እንደተከልን ኃይለኛ ነፋስ ተነሳ። የሌላው ሁሉ ድንኳን ተነቅሎ ሲንከባለል የእኔ ንቅንቅ አላለም። ገመዱን ያሰርኩት የሽንኩርት ጭነትሽን ስናስር ሦስቴ እያስፈታሽ ባስተማርሽኝ ቋጠሮ ነበር። ያን ቀን በንዴት አልቅሼብሽ ነበር።

አብሮን የሚጓዝ አንድ የአዲስ አበባ መሐንዲስ ቋጠሮውን ሲያገላብጥ ቆየና «የት ተማርሽው?» አለኝ። «መርሳ፣ ከሽንኩርት ነጋዴ ጓደኛዬ» አልኩት። ወዲያው ሁሉም አሳዪን ብለው ከበቡኝ።

ካርዱ ሞላብኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ፤ እማማ ማሚቴንም ሰላም በዪልኝ። መሐንዲሱን ሦስቴ አስፈትቼዋለሁ።

ሜላት