ስዊቹ ተመልሶ እስኪነሳ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን ሻል አለሽ? እማዬስ ዓይኗን ታከመች ወይስ ዛሬም «ነገ» እያለች ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። መልስ ያዘገየሁት ረስቼሽ አይደለም፤ «ካልሆነልህ አትፈር፣ ተመለስ» ብለሽ ለጻፍሽልኝ፣ ቁርጤን ሳላውቅ ምን ልበልሽ ብዬ ነው። የሦስት ወር የሙከራ ጊዜዬ ያለቀው ትናንት ነው።

ሥራህ ምንድን ነው እያልሽ ደጋግመሽ ጠይቀሽኛል። የሆስፒታሉ ኮምፒውተሮች ገመዳቸው የሚሰካው ስዊች በሚባል ባለ አርባ ስምንት ቀዳዳ ሣጥን ላይ ነው። እኔ ከጠረጴዛዬ ሳልነሳ፣ ኮምፒውተሬ ላይ በሚከፈት ጥቁር መስኮት ትእዛዝ እየጻፍኩ አዘዋለሁ። ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው፣ ጽሑፍ ብቻ። መጀመሪያ ፊደል በፊደል ስለቅም ጣቴ ሊያልቅ ነበር። አሁን ዘዴው ገብቶኛል። የቃሉን መጀመሪያ ጽፌ ታብ የምትባለዋን ቁልፍ ስነካ ራሱ ይጨርስልኛል፣ እማዬ ከሰው አፍ እየነጠቀች እንደምትጨርሰው። ሲጠፋኝ የጥያቄ ምልክት እጽፋለሁ፤ ቀጥሎ ምን ማለት እንደምችል ይዘረዝርልኛል። እንዳንቺ «ስንቴ ልንገርህ» አይልም።

አለቃችን ጸጉራቸው የሸበተ መሐንዲስ ናቸው። በሌሉበት «ወይዘሮ ቀስ በሉ» እንላቸዋለን። ያስለመዱን አንድ ነገር አለ። አስጊ ነገር ከመንካታችን በፊት ስዊቹን «ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጠፍተህ ተነሳ» ብለን እናዘዋለን። ሥራው ከተሳካ ያንን ትእዛዝ ሰርዘን አዲሱን ሴቭ እናደርጋለን። ካበላሸን ግን ሴቭ ያልተደረገውን አያስታውስምና እንደ ድሮው ሆኖ ይነሳል። እኔ ይሄን የፈሪ ሥራ ነው እል ነበር፤ የማደርገውም እሳቸውን ፈርቼ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ማንም የማይጠቀምባቸውን ቀዳዳዎች ዝጋ ተባልኩ። አንድ በአንድ ከመድከም፣ ከዚህ እስከዚህ ብሎ በአንድ መስመር ማዘዝ ይቻላል። ከሠላሳ እስከ አርባ ስምንት ማለት ሲገባኝ እጄ ፈጠነና ከአንድ ጀምሬ ሁሉንም ዘጋሁ፤ እኔ ራሴ የገባሁበትን እንኳ አልማርኩም። መስኮቱ ደርቆ ቀረ። ካርድ ክፍል ሥራ ቆመ፣ ሕመምተኛው ተሰልፏል፣ የስዊቹን ክፍል ቁልፍ የያዘው ጥበቃ ለምሳ ወጥቷል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ገመድ ተበላሽቶ ነው ልል ዳድቶኝ ነበር። ማን ያውቅብኛል? ሦስት ቀን ብቻ ነው የቀረኝ። ሆዴ ግን እምቢ አለኝና አለቃዬ ዘንድ ሄጄ፣ የዘጋሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። «አሥሩን ደቂቃ አዘሃል?» አሉኝ። አዎ ስላቸው፣ እንግዲያው ካርድ ክፍል ውረድና ለእነሱም ይህንኑ ንገር ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ወረድኩ። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። አጠገቧ ቆሜ የሰው ስም በወረቀት ስመዘግብላት ቆየሁ። እንደዚያ የረዘመ ደቂቃ አይቼ አላውቅም፣ እትዬ። በኋላ ስዊቹ ተነስቶ ኮምፒውተሯ ሲመለስ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ፣ ጽሑፍህ አይነበብም አለችኝ። ደስ አለኝ።

ትናንት አለቃዬ አስጠሩኝ። «ጥፋትህን ከሌላ ሰው ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ይሄን አልፈርምልህም ነበር» ብለው ወረቀቱን ሰጡኝ። ከሰኞ ጀምሮ ቋሚ ሠራተኛ ነኝ። አልቅሻለሁ ብልሽ ትስቂብኛለሽ፤ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፣ ዓይኗንም ሳትታከም እንዳታድር። ለባለቤትሽ ለጋሼ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ያንን ራዲዮ እኔ ሳልኖር እንዳይፈቱት። ትንሹን ልጅሽን ጉንጩን ንከሺልኝ። ለትልቋ ልጅሽ ደግሞ ይህን ንገሪያት፦ ይመለሳል ብላችሁ አንጥፋችሁ ያቆያችሁት አልጋዬ ከዛሬ ጀምሮ የእሷ ነው። እኔ ስመጣ እንግዳ ነኝ፤ መሬት ታነጥፉልኛላችሁ።

ወንድምሽ

ከሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛዬ
ቅዳሜ፣ ኅዳር 12 ቀን