ቤትዎን የከፈትሁበት ምክንያት

ይድረስ ለተከበሩ ወንድሜ ለመሪጌታ መርስዔ ኀዘን፤ ገዳሪፍ።

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎስ እንደምን ነው? ያ ሲነሣብዎ የነበረው የወገብ ሕመም ተሻለዎት ወይ? የዚያ አገር ሙቀቱስ፣ ውኃውስ ተስማማዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ከዚህ በላይ ለሰላምታ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። ተናድጃለሁ። የተናደድሁትም በእርስዎ ነው።

ለደብራችን አለቃ ለሀብተ ሥላሴ የላኩት ወረቀት ጥቅምት በገባ በሳምንቱ ደረሰ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን አስነበቡት። «የአባቴ የሥዕል መጽሐፍ የልጆች መጫወቻ አይሁን፤ እኅቴ የሰበሰበቻቸው ልጆችም በደብሩ ላይ መዘዝ ሳያመጡ ወደ መጡበት ይመለሱ» ይላል። ጽሕፈትዎን አውቀዋለሁ፤ ሌላ ሰው ጻፈው ብዬ ልጽናና እንኳ አልቻልሁም። አለቃ ምን ብለው እንደ ነገሩዎት አላውቅም። እውነቱን ከእኔ ይስሙ።

ልጆቹ ዐሥራ አንድ ነበሩ። በሚያዝያ ጣልያን በእንፍራንዝ በኩል መንደራቸውን ሲያቃጥል የተረፉ ናቸው። ባሕሩን ያሻገራቸው ታንኳ ሠሪው አብዱልመጂድ ነው፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተመላልሶ። እርስዎ «ወደ መጡበት» ያሉት አገር አመድ ነው ጋሼ። እኔ ከደጀ ሰላሙ አስጠጋኋቸው። ሲጠሯቸው አይመልሱም፣ ሲያበሏቸው አያመሰግኑም፤ ድዳ የሆኑ መስሎኝ ነበር። እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ እነሱንና የመንደራችንን ልጆች አንድ ላይ ከዋርካው ሥር አስቀምጬ፣ አባታችን በብራና የሣሉትን የእመቤታችንን ስደት ገጽ በገጽ እገልጥላቸው ጀመር። እመቤታችን ከፊት፣ ሰሎሜ ሕፃኑን አዝላ፣ ዮሴፍ አገልግል አንጠልጥሎ። አባታችን ለእኔና ለእርስዎ እንዳሳዩን ነው ያሳየኋቸው፤ በጣታቸው እንኳ አላስነካሁም። ሸጊቱ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ አፏን የፈታችው ያን ጊዜ ነው። «እነሱንም አባረሯቸው?» አለች። አዎ አልኋት። «ታዲያ ማን አሳደራቸው?» አለች።

ጠቡ የመጣው ስደተኞቹ ማደሪያ ሲለምኑ በሩን የምትዘጋባቸውን ሴት ሥዕል ያየን ዕለት ነው። ሸጊቱ ብድግ ብላ «ይቺማ እሜቴ የሺአረግ ናቸው» አለች። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። የአለቃ ሚስት ወይዘሮ የሺአረግ ለካ ከኋላችን ቆመዋል። ልጅቱ ተንኮል አስባ አይደለም፤ አካሉ የሚባል ትንሽ ወንድሟን ይዛ ውኃ ብትለምናቸው ከደጃፋቸው በዱላ መልሰዋት ነበር። ያየችውን ተናገረች። አለቃ በዚያው ቀን መጽሐፉን ከእጄ ነጥቀው ዕቃ ቤት ቆለፉበት። ልጆቹን ለማባረር ግን ሰው እንዳይታዘባቸው ፈሩ። ክረምቱ ሳይገባ ለእርስዎ የጻፉት ለዚህ ነው፤ ቃልዎ መሸፈኛ ሆነላቸው።

ወቅቱን ልብ ይበሉ፤ ዘመነ ጽጌ ነበር። ወረቀትዎ በተነበበ በሳምንቱ እሑድ ካህናቱ ውስጥ የእመቤታችንን ስደት ያዜማሉ፣ ደጅ የአለቃ ሎሌዎች ልጆቹን ከነቁርበታቸው ይጎትታሉ። «የምታዜሙት ለማን ነው?» ብዬ ጮህሁ። አለቃ ወጥተው «አንቺ ሴት፣ ጣልያን የአርበኛ ልጆች ደብቃችኋል ብሎ ደብሩን ቢያቃጥል መልሱን አንቺ ትሰጫለሽ?» አሉኝ። ፍርሃታቸው የውሸት አይደለም፤ እኔም እፈራለሁ። ግን ዐሥራ አንድ ሕፃን ሜዳ ላይ ጥለን ያተረፍነው ደብር ምን እንደሚያደርግልን ይንገሩኝ።

አብዱልመጂድ የታንኳ መሥሪያውን ደንገል ከሚከምርበት ዳስ አስገባቸው። ሚስቱ ዘኪያ ያላትን ጨርቅ ሁሉ አለበሰቻቸው። ዳሱ ግን ግድግዳ የለውም፤ የባሕሩን ዳር ብርድ ያውቁታል። አካሉ አራት ዓመቱ ነበር። ሳል ያዘው፤ በዐራተኛው ቀን ከዘኪያ እቅፍ ላይ ዐረፈ። ከካህናቱ አባ ወልደ ዮሐንስ ብቻቸውን መጥተው ፍትሐት አደረሱለት። ሸጊቱ አላለቀሰችም። «መጽሐፉ ላይ ያለው ልጅ ግን አልሞተም» ብቻ አለችኝ። ምን ልመልስላት? መሪጌታው እርስዎ ነዎት።

አምና ከጣልያን ሸሽተው ገዳሪፍ የገቡ ጊዜ «አንድ የማላውቀው ግብፃዊ ቅብጥ ነጋዴ ከቤቱ ክፍል ሰጠኝ፤ ከየት መጣህ ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም» ብለው ሲጽፉልኝ በደስታ አልቅሼ ነበር። ያ ሰው እንደ እርስዎ ቢያስብ ኖሮ ዛሬ የት ነበሩ?

ከቀብሩ ስመለስ በቤትዎ በኩል አለፍሁ። ጣራው ደኅና፣ ግድግዳው ደኅና፣ ውስጡ ባዶ። ቁልፉ አለቃ ዘንድ ነው። መጥረቢያ አመጣሁና በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ፣ ጓጉንቸሩን ሰበርሁት። ዐሥሩንም አስገባኋቸው። አለቃ እየሮጡ መጥተው «የሰው ቤት ትሰብሪያለሽ!» አሉኝ። «የወንድሜ ነው፤ ወንድሜ ይክሰሰኝ» አልኋቸው። መጽሐፉ እስከ ዛሬ እንደ ተቆለፈበት ነው። እሑድ እሑድ ያለ ሥዕል በቃሌ እነግራቸዋለሁ። የመንደሩ ልጆችም አልቀሩም፤ ባለፈው እሑድ የወይዘሮ የሺአረግ የልጅ ልጅ ሳትቀር መጥታ ከሸጊቱ ጎን ተቀምጣለች።

ስለዚህ ሌላ ወረቀት ይጻፉ። መጽሐፉ ይውጣ፣ ልጆቹ ይቀመጡ ብለው ይጻፉ፤ ያኛው በተነበበበት ሕዝብ ፊት ይነበብ። ልጆቹ ይውጡ የሚሉ ከሆነ ግን እንግዲህ በወረቀት አይሆንም። ራስዎ ይምጡና ከአልጋዎ ላይ አንድ በአንድ ቀስቅሰው ያስወጧቸው።

አባ ወልደ ዮሐንስ በጸሎት አልረሳዎትም ብለዋል። አብዱልመጂድና ዘኪያ ለአገርዎ ያብቃዎት ይላሉ፤ ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ የዘኪያ ወንድም ቡርሀን ነውና እንደ እኔ አድርገው ይቀበሉት። ዐሥሩም ልጆች እጅ ነሥተዋል። ሸጊቱን ለቤቱ ጌታ ምን ልበልልሽ ብላት፣ «እሳቸውም ስደተኛ ናቸው አይደል? በር አይዝጉባቸው» ብላለች።

እኅትዎ ወለተ ሩፋኤል
ባሕር ዳር፤ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.