የለም ያልኩት እግር

ቆቦ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እታለሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እንዴት ከረምሽ? ያ ቁስልሽ ደረቀ ወይስ ዛሬም ጨርቅ ያረጥባል? አክስታችንስ ጉልበቷ እንዴት ነው? የላይኛው አገር ብርድ በዚህ ወር ምን እንደሚያደርግ አልረሳሁትም። በወንድማችን በበላቸው እጅ የላክሁልሽ ጋቢ ለብሰሽው እንድትተኚ ነው እንጂ ለእንግዳ ብለሽ ሣጥን ውስጥ እንድታስቀምጪው አይደለም። ስለማውቅሽ ነው እንዲህ የምልሽ።

እኔም ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በየደብዳቤው ደህና ነኝ ስልሽ ኖሬ ዛሬ ብዕሩ አልታዘዝ አለኝ። ይህን ወረቀት አንቺው ራስሽ አንብቢው፤ ለወንድማችንም ለጎረቤትም አታስነብቢ። ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽና ጽሑፌ አይጠፋሽም። ስታነቢ ደግሞ ተቀምጠሽ፣ እግርሽን ከፍ ያለ ነገር ላይ አድርገሽ ይሁን።

ነገሩ የተጀመረው በመስከረም መጨረሻ ነው። አራተኛ ክፍል ገብቼ ክፍልፋይ እያስተማርኩ ሳለ ጫማዬ ውስጥ አንድ ሙቅ ነገር ተሰማኝ። ፊት የተቀመጠች ልጅ “ቲቸር፣ ደም” አለች። ዝቅ ብዬ ባይ ካልሲዬ ርሶ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። የግራ እግሬ ደም ሥር ሊድያን ከወለድኩ ወዲህ እየተጠማዘዘ እንደ ገመድ ወጥቶ እንደነበር ለማንም ነግሬ አላውቅም። በዚህ በቆቦ ሙቀት፣ ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ፣ እኔ ወፍራም ካልሲ ለብሼ ሃያ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜያለሁ። መምህራኑ የደጋ ሰው ብርዱን ይዞት ይወርዳል እያሉ ይቀልዱብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ያለው ቆዳ ጠቁሮ ከሐምሌ ጀምሮ ቆስሎ ነበር። ለካ በውስጡ ሥሩ ሳስቶ ኖሯል፣ ፈነዳ።

ያዳነችኝ የጎን ክፍል የምታስተምረው ሱአድ ናት። ሰው ሁሉ ከላይ በገመድ እሰሩት ሲል እሷ እምቢ ብላ መሬት ላይ አጋደመችኝ፣ እግሬን ወንበር ላይ ሰቀለችው፣ ሻርፗን አጣጥፋ በመዳፏ ጫን ብላ ያዘችው። አብሽሪ፣ ይቆማል፣ አብሽሪ ትለኛለች። ቆመ። የጤና ጣቢያው ነርስ ትክክለኛው እሱ ነው አለን። አንቺም ድንገት ቢደማብሽ እንዲሁ አድርጊ፤ ቡና አትነስንሺበት፣ ዋግምት ልታገሚ ወደ አጋሚ ቤትም እንዳትሄጂ።

ከዚያ ወደ ደሴ ላኩኝ። መንገዱ ተዘግቶ ሁለት ሳምንት ጠብቀን ሲከፈት ከባሌ ከባንተአምላክ ጋር ሄድን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ካስተማርኳቸው ልጆች አንዱ ቢሆን አይገርመኝም። ቀዝቃዛ ቅባት ቀብቶ እግሬን ከብሽሽቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ በአልትራሳውንድ ካየው በኋላ ወረቀት ላይ እየሳለ አስረዳን። ደም ሥራችን ውስጥ፣ ደሙ ወደ ልብ ሲወጣ የሚከፈቱ፣ ወደ ታች ሊመለስ ሲል የሚዘጉ ትንንሽ በሮች አሉ። የኔዎቹ ላልተዋል። ደሙ እየተመለሰ ይጠራቀማል፣ ሥሩ የሚያብጠውም ቆዳው የሚቆስለውም ለዚህ ነው አለ። ሳልጠይቀው ደግሞ ይህ ዝሆኔ አይደለም አለኝ። እታለም፣ ያን ቃል ሲጠራ ከወንበሬ ልወድቅ ነበር።

የሚደረገውንም በየተራ ነገረን። ጥብቅ ካልሲ አለ፤ ይዞ ያቆያል እንጂ አያድንም። ለጥቃቅኑ ሥር በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ የኔን ለሚያክለው ብቻውን አይበቃም። ከውስጥ በሙቀት የሚያቃጥለው ሌዘር የሚባለው እነሱ ጋ የለም፣ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ይጠይቃል። እነሱ የሚሠሩት ብሽሽት ላይ ትንሽ ቀዶ ሥሩን ማሰርና ጉልበት አካባቢ በቀጭን ሽቦ ስቦ ማውጣት ነው። ሽቦ ሲል ባንተአምላክ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ ግን መምህር አይደለሁ፣ ሥሩ ከወጣ ደሙ በየት ይሄዳል ብዬ ጠየቅሁት። ጥያቄው ደስ አለው። ዋናው መንገድ ከውስጥ ያለው ሥር ነው፣ እሱ ክፍት እስከሆነ ድረስ ይሄኛው ቢወጣ አይጎዳሽም አለኝና ቀጥሎ፣

“ከቤተሰብሽ አንድ እግሩ በድንገት ያበጠ፣ ደም የረጋበት ሰው አለ?” አለ።

አንቺ በተስቦ ሁለት ወር ተኝተሽ የተነሣሽ ጊዜ ቀኝ እግርሽ በአንድ ቀን ከጭንሽ ጀምሮ ማበጡን፣ እማማ በቅቤ እያሸች ስታለቅስ መዋሏን፣ የመንደሩ ሰው ዝሆኔ ገባባቸው ብሎ ከምንጩ ሲሸሸን፣ ሁሉንም በአንዴ አየሁት። ባሌ አጠገቤ ተቀምጧል። የለም አልኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የኔ አፍ ግን ሃያ ሁለት ዓመት የሠለጠነ ስለሆነ አላመለጠውም። ሐኪሙ ለምን እንደጠየቀ አስረዳን። በቤተሰብ እንዲህ ያለ ነገር ካለ በቀዶው ጊዜ ደም እንዳይረጋ አስቀድሞ መድኃኒት መስጠት ያስፈልጋል፣ ካልሆነ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊገድል ይችላል አለ። ለኅዳር ሃያ ሦስት ቀጠረኝና ሞልቼ የማመጣው ቅጽ ሰጠኝ። ያው ጥያቄ በጽሑፍ አለበት።

ወደ ቤት ስንመለስ ሌላው ጣጣ ይጠብቀኝ ነበር። ሊድያን የሚፈልጋት ልጅ አንዷለም ይባላል፣ የዋጃ ልጅ ነው፣ ትወደዋለች። ጾሙ ሳይገባ በፊታችን እሑድ ሽማግሌ ሊልኩ ተነጋግረዋል። በኛ ዘንድ ግን ከሽማግሌ በፊት ሴት እንደምትላክ፣ ሴቷም ዝሆኔ በዘር እንዳይኖር እግር እንደምታይ ካንቺ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የልጁ አክስት እትዬ ተናኜ ብርቱካን ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። እስቲ ልየው የኔ እናት ብላ አንሶላውን ገለጠችው። የታመመውን ብቻ አይደለም፣ ደህናውንም አየች፤ ጣቶቼን ሳይቀር አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። ከዚያ በለስላሳ ድምፅ “ያንቺ ብቻ ነው እቴ፣ ወይስ ከቤት ነው?” አለችኝ።

አንሶላውን እግሬ ላይ መለስኩት። ባንተአምላክ ቀደመኝ፤ ከቤታቸው እንዲህ ያለ የለም፣ ሐኪሙ ጠይቋት እኔው ፊት ተናግራለች አላት። ሴትዮዋ ፊቷ ፈካ፣ ብርቱካኑን ራሷ ላጠችልኝ። ባሌ ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም። ያን ቀን በኔ ቃል ዋሸ፣ መዋሸቱንም አላወቀም።

ከዚያ በኋላ ቅጹን እያወጣሁ አየዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ። የለም ብዬ ብሞላው ከቀዶው አልጋ ላልነሣ እችላለሁ። አለ ብዬ ብሞላው የልጄም የኔም ትዳር ይናጋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔ የደበቅሁት ሰው ነው። ሱአድ ምን ሆነሻል ብትለኝ ቀዶውን ፈርቼ ነው አልኳት። እሷንም ዋሸኋት፤ ያልዋሸሁት ሰው አልቀረም።

እታለም፣ አሁን የምጽፈውን ከጻፍኩ በኋላ ወረቀቱን ብትቀጂው አልቀየምሽም። የባንተአምላክ ሽማግሌዎች ከሮቢት ሊመጡ የነበሩ ጊዜ አባባ ለሦስት ቀን ብሎ አክስታችን ቤት ወሰደሽ። ሦስቱ ቀን ሃያ ሁለት ዓመት ሆነ። አንቺ ይህን የአባባ ሥራ አድርገሽ ነው የያዝሽው። የአባባ ሥራ አይደለም። እኔ ነኝ። ከበረቱ ጀርባ ጠርቼ እሷ ካለች አይወስዱኝም፣ ዘራቸው ነው ይላሉ አልኩት። አባባ ተቆጣ፤ ልጄን ከልጄ አላበላልጥም አለ። እህል አልቀምስም ብዬ ተኛሁበት። በሦስተኛው ቀን በቅሎዋን ጫነልሽ። ሽማግሌዎቹ ስንት ልጆች አሉህ ሲሉት በላቸውና ይህቺ ብሎ ድምፁ ተቆረጠ። እነሱ ልጁን ሊድር ሆዱ የባባ መሰላቸው።

አባባ ያረፈ ጊዜም መጥተሽ ከጎረቤት ሴቶች መሐል ተቀመጥሽ። ባንተአምላክ እየዞረ ሲያጽናና አንቺም ጋ ደርሶ እግዚአብሔር ያጽናሽ አለሽ። ማን ናት ሲለኝ ጎረቤት ናት አልኩት። ሰምተሽኛል። ልትሄጂ ስትነሺ ጆሮዬ ላይ “አባባን ይቅር ብዬዋለሁ” አልሽኝ። ዝም አልኩ። አባቴ እኔ በሠራሁት ይቅር ሲባል ቆሜ ሰማሁ፣ እውነቱን ሳልነግርሽ ሸኘሁሽ። ከሁሉ የሚብሰኝ ይህ ነው። ያን ይቅርታ ከሱ ላይ አንሺለት፤ እሱ አላጠፋም። ለኔ ስጪኝ ለማለት ግን አፍ የለኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ለባንተአምላክ ነገርኩት። ሮቢት አባቱ ማሳ ላይ ማሽላ ሲያሳጭድ ውሎ መጥቶ እግሩን እየታጠበ ነበር። ቅጹን ሰጠሁትና ይህን መሙላት አቃተኝ አልኩት። ለምን ሲለኝ ከበረቱ ጀርባ ጀምሬ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ውሃው ቀዘቀዘ፣ እግሩን ከሳፋው ሳያወጣ ሰማኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጣም። ሁለት ቀን እንደ እንግዳ ሆነብኝ። ምግብ ሳቀርብለት እግዜር ይስጥልኝ ይለኛል፣ እግሬ ሥር ትራስ ሲያስገባልኝ ደግሞ ይቅርታ ይለኛል። ያን ጊዜ እንዳለቀስኩት በሕይወቴ አልቅሼ አላውቅም።

ሊድያ ከጓዳ ሆና ሰምታ ኖሯል። ፊቴ መጥታ ቆመች። ስለ አንዷለም የምታለቅስብኝ መስሎኝ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር። “አክስት አለችኝ ማለት ነው?” አለችኝ። ስምሽን ነገርኳት፤ ለራሷ ቀስ ብላ ደገመችው።

ትናንት ባንተአምላክ ወደ ዋጃ ደወለ። ለእትዬ ተናኜ የነገርኳት ስሕተት ነው፣ እኔ ራሴ መጥቼ እስካስረዳ እሑድ ሽማግሌ አትላኩ አላቸው። ምን እንደሚሉ አናውቅም፤ ሊድያ ስልኳን ከእጇ አታወጣም። ከዚያ ቅጹን ፊቴ አስቀምጦ እስክሪብቶ ሰጠኝ። እኅት፣ ቀኝ እግር፣ ከተስቦ በኋላ ብዬ ሞላሁት። ሐኪሙንም በስልክ አገኘሁት። ቀጠሮው አይቀየርም፣ መድኃኒቱ አስቀድሞ ይጀመርልሻል አለኝ። ያንቺን ስነግረው ሳያይሽ ምንም እንደማይል፣ ከውስጥ ያለው ሥርሽ ተዘግቶ ከሆነ እንዲያውም የላዩን መንቀል እንደሚጎዳሽ፣ ቁስሉ ግን በደንብ እየታሰረ ሊድን እንደሚችል ነገረኝ። አብራሽ ትምጣ አለ። ዝሆኔስ አይደለም ወይ አልኩት። ዝሆኔ በአንድ ቀን ከጭን ጀምሮ አያብጥም፣ ማን ነው ያላችሁ አለኝ። ማን ብዬ ልመልስለት?

ዛሬ ጠዋት ባንተአምላክ ከሦስት ቀን በኋላ ዓይኔን አየኝና “ጻፊላት” አለኝ። በላቸው ወልድያ ነው፣ ማን ያደርስልኛል አልኩት። ከሙጃ ከተማ ወዲያ መኪና እስከ የት እንደሚገባ፣ እግሩ የታመመ ሰው በቅሎ ላይ መቀመጥ ይችል እንደሆነ ጠየቀኝ። አሁን ይህን ስጽፍልሽ ደጅ ተቀምጦ ጫማውን እየጠረገ ነው።

አልጋሽ ከሊድያ ክፍል ተነጥፏል፤ እሷ ናት ከኔ ጋር ትተኛ ያለችው። አክስታችንን ሳሚልኝ፣ ስላሳደረችሽ እግዚአብሔር ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ። የአባባን የእማማን ነፍስ ይማርልን። እመቤቴ በሰላም ታገናኘን፤ ፊትሽን አይቼ የምትዪኝን ሁሉ ልስማ።

ይህን ወረቀት ያመጣልሽን ሰው አንብቤ እስክጨርስ ብለሽ ውጭ አታቁሚው። ቆላ ያደገ ነው፣ የናንተን ብርድ አይችለውም።

ታናሽ እኅትሽ