የእናትሽ ሁለት ፋይል

ማክሰኞ ጠዋት፣ ጥቅምት 12

ለምሳሳልሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እንዳትደነግጪ፣ እናትሽ ደህና ናት። ትላንት በረንዳ ላይ ወጥታ ተቀመጠች፤ ሾርባው ጨው የለውም ብላም ተቆጣችኝ። የፊቷ እብጠት ጎድሏል።

ሐሙስ ዕለት ሳል አጣድፏት ወደምሠራበት ሆስፒታል ወሰድኳት። ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ታውቂያለሽ፤ ፋይሏ ላይም በቀይ ተጽፏል። ነርሷ ግን እሱኑ ወጋቻት። ወዲያው ትንፋሽ አጠራት። ልጄ፣ እኔም አብሬያት የምሞት መሰለኝ። ደግነቱ ሐኪሞቹ ደረሱ።

እናትሽ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሁለት ሆና ነበር። የታካሚዎቹን የመረጃ ቋት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ «አንድ ሰው ሁለቴ አይመዘገብም» እያልኩ ስለምፎክር መሥሪያ ቤት ውስጥ ዘበኛው ነው የሚሉኝ። እውነትም የመታወቂያ ቁጥር ከተደገመ አያስገባም። የቁጥሩ ቦታ ባዶ ሲሆን ግን ማሽኑ ባዶን ከባዶ ጋር አያመሳስልም፤ የመጣውን ሁሉ እንደ አዲስ ሰው ያሳልፋል። ይህን ሳላስብበት ስድስት ዓመት ስንጎራደድ ኖርኩ።

ያን ቀን መታወቂያዋን ቤት ረስተን ነበር። ወረፋ እንዳትጠብቅ ብዬ እኔው መዘገብኳት፤ ቁጥሩን ባዶ ተውኩት። ነርሷ የከፈተችው ያንን ነው፤ ቀይ ጽሑፍ የሌለበትን።

የባሰውን ልንገርሽ። በዚያው ዕለት ቀዳዳውን ደፈንኩ፤ ሁለቴ የተመዘገቡትን የአርባ አንድ ሰዎች ፋይሎችም አንድ አንድ አደረግኩ፤ የእናትሽንም ጭምር፤ ቀይ ጽሑፍ የሌለበት ፋይሏ ጠፋ። ሌላ ሰው እንዳይጎዳ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አርብ ጉዳዩን የሚያጣራው የሆስፒታሉ ኮሚቴ ፋይሏን ሲከፍት ቀዩን ጽሑፍ አየ፤ ነርሷም «ሳታነቢ ወግተሻል» ተብላ ታገደች።

ትላንት ኮሪደር ላይ አገኘችኝ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ አንብቤያለሁ። ምንም አልነበረበትም። ዓይኔ ነው እንዴ?» አለችኝ። «አይዞሽ» ብያት አለፍኩ። በራሴ አፈርኩ፣ ልጄ። እናትሽም ቤት ሆና እሷኑ ትረግማለች፤ እኔ ሾርባ አቀርባለሁ።

ቋቱ በየሰዓቱ ቅጂ ያስቀምጣል። የሐሙሱ ቅጂ ውስጥ ሁለተኛው ፋይል ከነመዝጋቢው ስም ተገኘ፤ መዝጋቢው እኔ። ሁለት ጊዜ አተምኩት። አንዱን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ሌላውን ይዤ ከፖስታ ቤት በቀጥታ ወደ ዳይሬክተሯ እሄዳለሁ።

ክፉ አይንካሽ፣ በሄድሽበት ሁሉ ሰው ይውደድሽ። ለአንቺ ያስቀደምኩት የዳይሬክተሯ በር ላይ ስደርስ ፈርቼ እንዳልመለስ ነው።

አባትሽ